«አላውቅም» የሚለው ገጽ

ሰኞ፣ የካቲት 3
አሥራ ሁለቱም የክትባት ፍሪጆች ደህና ናቸው። ውስጣቸው ያስቀመጥኳቸው ሴንሰሮች ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛሉ፤ በየሩብ ሰዓቱ ነቅተው ሙቀቱን ያለ ገመድ ይልካሉ፤ የሠራሁት ድረ ገጽ ያሳያል። የክትባት ክፍሏ ሲስተር፣ «አንቺ ልጅ፣ በየፍሪጁ ደጃፍ ከመንከራተት ገላገልሽኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ... ምን እዋሻለሁ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ጉድ ሆንኩ። ገጹ ሰባተኛውን ፍሪጅ አራት ዲግሪ ይላል። ሲስተር እንዲያው ብትከፍተው ሞቋል! ፍሪጁ የተበላሸው ትናንት። የሴንሰሩ ባትሪ ያለቀው ማክሰኞ። አዲስ ቁጥር ሲጠፋ ገጹ አሮጌውን ይዞ እንዲቆይ ያደረገው ማን ነው? እኔው። ባዶ ቦታ ያስጠላል ብዬ። የስንት ሕፃን ክትባት ተጣለ... ሲስተር «ገጹን አምኜ...» አለችና ብልቃጦቹን ወደሚጣሉበት ካርቶን መልቀም ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ የካቲት 7
ከየቁጥሩ ጎን የተለካበትን ሰዓት ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ካለፈው ቁጥሩ ይጠፋል፤ በቀይ «አላውቅም» ይላል።

ሰኞ፣ የካቲት 10
አለቃ ጠራኝ። ሐሙስ ሥራችንን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ።
«መሥሪያ ቤት አላውቅም ይላል እንዴ?»
«ካላወቀ ምን ይበል?»
«የድሮውን ቁጥር መልሺ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»
«ሰምቻለሁ። ክትባቱ ግን ይበላሻል።»
«እንግዲያው ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ!»
«ይስጡት።»
ከየት አመጣሁት? በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ቀዩን «አላውቅም» አላነሳሁትም። አላነሳውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
አለቃ ያነሳሁት መስሎት ገጹን እንግዶቹ ፊት በትልቁ ስክሪን ከፈተው። ሦስተኛው ፍሪጅ፦ አላውቅም። አንዷ እንግዳ «ምን ማለት ነው?» አለች። የአለቃ ዓይን ወዮልሽ ይላል።
ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሴንሰሩ ዝም ብሏል፤ ሰው ሄዶ ይየው ማለት ነው» አልኩ።
ሲስተር ከኋላ፣ «ሄጃለሁ። በቴርሞሜትር ለክቻለሁ። አምስት ዲግሪ ነው።»
እንግዳዋ ጻፈች። አለቃ ላብ በላብ።

ሰኞ፣ የካቲት 17
ቃሉን ጠበቀ፤ ወደ ስቶር ተዛወርኩ። ቆሽቴ አሯል፣ ለምን እደብቃለሁ? የሠራሁትን ነጠቁኝ። ተተኪዬ ዛሬ ጠዋት ቀዩን ሊያጠፋ ሲቀመጥ ሲስተር አጠገቡ ቆማ፣ «አጥፋው። እኔም የክትባት ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ላንተ አስረክባለሁ» ብላዋለች አሉ። የሷን ነገር ማን ይደፍራል?
ከምሳ በኋላ ገጹን በስልኬ ከፈትኩት። አምስተኛው ፍሪጅ በቀይ፦ አላውቅም።
ካርቶን ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።