የተጣመመ ካሜራ ሰማይ ሰቅለው ልጄን ላገዱት ኃላፊ

ለተከበሩ የሳተላይት ክትትል ክፍል ኃላፊ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ስልክ የማያቋርጠው እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። እኔ ጎጃም በረንዳ አርባ ሁለት ዓመት ሚዛን የጠገንኩ ጠሀ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ኢክላስ ናት፤ አንዳንዱን ቃሌን፣ ጋሼ ይሄ ለባለሥልጣን አይጻፍም እያለች ዘላዋለች፤ ላልደረሰዎ ነገር እሷን ያመስግኑ።

ልጄ ሱሀይር እርስዎ ዘንድ ስትሠራ እንዳስረዳችኝ፣ ሳተላይት ወዴት እንደዞረች የምታውቀው በካሜራዋ ኮከቦችን አይታ፣ ከተመዘገቡት ጋር አመሳክራ፣ ይሄ እገሌ ነው ያ እገሌ ነው ስትል ነው። የእርስዎ ሳተላይት ከወጣች ወዲህ አንድም ኮከብ አላወቀችም። ፊቷን ወደ ፀሐይ ማዞር አቅቷት ባትሪዋ እየሞተ ነው፤ የቀራት አራት ቀን ነው ብላችኋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ካሜራው ሳይላክ ልኩ እንዲፈተሽ ሱሀይር ሁለት ሳምንት ስትለምንዎ፣ የምረቃው ድንኳን ተተክሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል ብለው ስለከለከሏት አመሰግናለሁ። እኛ መርካቶ የበርበሬ ሚዛን እንኳ ሳንፈትሽ ለደንበኛ አንሰጥም፤ ድንኳን ስለሌለን ይሆናል።

፪. ካሜራው ምስሉን አጣሞ፣ በኮከብና በኮከብ መካከል ያለው ርቀት ከመዝገቡ አልገጥም ሲል፣ ጥፋቱን በልጄ ላይ ጽፈው ስላገዷት አመሰግናለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከተኛች አሥራ አንድ ቀኗ ነው።

፫. መፍትሔ ብላ በፖስታ አሽጋ ያስገባችውን ወረቀት ከፍተው ስላላነበቡ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔም ማንበብ አልችልም፤ በዚህ እኩል ነን። እኔ ግን ቅጂውን አስነብቤ ሰማሁ። ነገሩ እኔው ሱቅ ያየችው ነው። የተጣመመ ሚዛን ሲመጣብኝ ከረጢቱን በአንድ በኩል አስቀምጬ፣ በሌላው በኩል እኩል እስኪሆን አሸዋ እሞላለሁ። ከዚያ ከረጢቱን አንስቼ በቦታው የታወቀ ብረት እጭናለሁ፤ ያንኑ አሸዋ ሲያነሳ የከረጢቱ ክብደት ታወቀ ማለት ነው። ሚዛኑ ይዋሻል፣ ግን ለሁለቱም እኩል ይዋሻል። ሱሀይርም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ካሜራው የሚለውን ርቀት አትመኑ፣ ኮከቦቹን ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ እርስ በርስ አስተያዩ፣ ካሜራው ለሦስቱም እኩል ስለሚዋሽ የሚሠሩት ቅርጽ ማንነታቸውን ይናገራል፤ እነሱ ከታወቁ የካሜራው ጥመትም ይታወቃል።

፬. አራተኛውን ኢክላስ ሰምታ ብዕሯን አስቀመጠች፤ እንዲያው ይለፈን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሳተላይቷ ሳትሞት ወረቀቱን አንዴ ይሞክሩት። ከሠራ ክብሩን እርስዎ ይውሰዱት፣ ሌላ ድንኳንም ይትከሉ፤ ልጄን ግን ወደ ሥራዋ ይመልሱልኝ። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ጠማማ ሚዛን አቅንቻለሁ፤ ሚዛኔ ልክ ነው ብሎ የሚምል ባለሱቅ ግን አቅንቼ አላውቅም።

የተቀመጡበት እንዳይነቃነቅ፣ የቆሙበት እንዳያዳልጥ፣ የተናገሩትም እንዳይጠየቅ ዘወትር የምመኝልዎ አክባሪዎ፣
ጠሀ ሚዛን ጠጋኙ
(በቀኝ አውራ ጣቴ አትሜበታለሁ)

ከአሻራው በኋላ የተጨመረ፦ የጣቴ ቀለም ሳይደርቅ ቅዱስ የሚባል ባልደረባዋ ለሱሀይር ደወለ። ሳተላይቷ ዛሬ ጠዋት ዝም ብላለች፤ አራት ቀን ያላችሁትም ልክ አልነበረም። ስለዚህ ልመናዬን ይተዉት። በሪፖርትዎ የልጄን ስም ሲያስገቡ ግን ወረቀቷንም አያይዙልኝ። ፖስታውን ለመክፈት አይድከሙ፤ እንደታሸገ ይሁን።