በመብራቱ ዙሪያ ያለው ቀለም

መተማ ላለሽው ልጄ ለዙፋን፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እዚሁ ሱዳን መፋዛ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አለሁ። ማሽላውም ዘንድሮ ደህና ነው።

የወንድምሽ የባንታምላክ መርዶ የመጣ ዕለት ደጃፍ ተቀምጬ የሸሚዙን ቁልፍ እተክል ነበር። ክሩን ያለ መነጽር ነው ያስገባሁት። ቀና ስል ጎረቤቶቻችን እነአየነው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ ገና ከሩቅ ለየኋቸው። ገዳሪፍ ከተማ ሞራው ሲወጣልኝ ዓይኔ ውስጥ የገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል።

መብራት ሳይ ግን ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይከበው ነበር። ለባንታምላክ ብነግረው፣ «እማ፣ ቀስተ ደመና በነጻ አግኝተሽ ታማርሪያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሐኪሙ ዓይኔ ሲለምደው እንደሚተወኝ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ነጋ ጠባ አነሳው ነበር። በኋላ ባንታምላክ ቀለሙን የሚቀንስ አዲስ ሌንስ መሠራቱን ከሰው ሰምቶ፣ «ገዳሪፍ ስሄድ ሐኪሙን እጠይቅልሻለሁ» አለኝ።

በዚያ ዝናብ ከመፋዛ ለምን እንደተነሣ አልነገረኝም። የተሳፈረበትን መኪና ጎርፍ የወሰደው የገዳሪፍ መንገድ ላይ ነው። ሳይሳፈር ደውሎልሽ ነበር አሉ። ምን ጉዳይ እንዳለው ነግሮሽ ከሆነ ጻፊልኝ። የሥራ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

ሰሞኑን መብራቱን ሳየው ቀለሙ የለም። ሐኪሙ እንዳለው ዓይኔ ለምዶታል። ለማንም አልተናገርሁም።

የወንድምሽ የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው። ለቄሱ ንገሪልኝ፣ በጸሎት ያስቡት። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።

እናትሽ ያለምወርቅ