በምዕራብ የምትወጣ ጨረቃ

ሰኞ፣ ግንቦት 10 ቀን 1990

“ምሥራቅ ማለት እኮ የሚወጣበት ማለት ነው!” ብዬ አምባረቅሁባት። ምን አስጮኸኝ? ተማሪዬ አማረች ደብተሯን እንደያዘች ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳይንስ ክበባችን አዋሳ ለሚካሄደው ውድድር ዓርብ አንድ ተማሪ ይልካል። ጥያቄ አውጪው እኔ፣ አራሚው እኔ። በአማርኛ ይሁን ያልኩትም እኔው ነኝ። ርዕሱ ፎቦስ፣ ከማርስ ሁለት ጨረቃዎች አንዷ። ዘንድሮ አንዲት መንኮራኩር ማርስን እየዞረች ስለሆነ ልጆቹ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ዳዊት አማረችን በአንድ ነጥብ በለጣት። የለያቸው “ከማርስ ላይ ሆነው ሲያዩዋት ፎቦስ በየት በኩል ትወጣለች?” የሚለው ጥያቄ ነው። ለማበረታቻ ብዬ የጨመርኩት! ዳዊት “በምሥራቅ” አለ። አማረች “በምዕራብ”። የዶርዜ ልጅ ናት፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ሁለቱ ቃላት ተምታተውባት ነው ብዬ ኤክስ አደረግኩባት።

ስትወጣ፣ “ቲቸር፣ ቃሉንስ አውቀዋለሁ” አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

የዳዊት ስም ወደ አዋሳ ተላከ። አባቱ አቶ ቶማስ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ አላቸው፤ ደስ ብሏቸው አምስት ቆሮሶ ዓሣ ቤት ድረስ አመጡልን። ባለቤቴ አልማዝ ጠበሰችው። እውነት ለመናገር ሁለቱን ብቻዬን ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። የአማረች ጽሑፍ ነው።

ማርስ በራሷ ላይ አንዴ ለመዞር፦ 24 ሰዓት ተኩል ገደማ።
ፎቦስ ማርስን አንዴ ለመዞር፦ 8 ሰዓት አይሞላም።
ማን ይቀድማል?

ተናደድኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ጠዋት አልማዝን ግቢው መሃል አቆምኳት። “አንቺ ማርስ ነሽ። በግራሽ በኩል ቀስ ብለሽ ዙሪ።” እኔ በዚያው አቅጣጫ ዙሪያዋን ሮጥኩ። እሷ አንዴ እስክትዞር እኔ ሦስቴ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይስቃል።

“ማንጎው ዛፍ በየት በኩል ይመጣልሻል?”

“በግራዬ። በቀኜ ይሄዳል።”

“እኔስ?”

“አንተ በቀኜ ነው የምትመጣው። ምነው፣ ደህና ነህ?”

ደህና አልነበርኩም። ዛፉን ፀሐይ ብንለው፣ እሱ በሚጠልቅበት በኩል እኔ እየወጣሁ ነው! ከተማችን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ መጽሔት አገላበጥኩ። ፎቶዋ አለ፤ ልክ ጎደሬ። ከዚህ ዶርዜ የሚያደርስ ርዝመት ብቻ ያላት፣ ቦይ ቦይ የተሰነተረች ድንጋይ። የሩሲያኖች መንኮራኩር አጠገቧ ደርሳ ድምፅዋ እንደጠፋ መጽሔቱ ይተርካል። ዝቅ ብሎ አንድ መስመር፦ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች።

ልጅቷ ቃል አልተምታታባትም። ቃል ያሳሳተው እኔን ነው። አፈርኩ።

አልማዝ፣ “ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ለምን እንደዚያ እንዳለች ብትጠይቃት ምን ነበረበት?” አለች። እውነቷን ነው።

ስህተቴን ልናገር ጫሞ ወረድኩ። አቶ ቶማስ መረባቸውን እየጠገኑ ሰሙኝ። የያዙትን ቀዳዳ ቋጥረው ጨረሱ። ከዚያ፣ “ዓሣውን እንኳን በላህ። ልጄን ግን አንተው ንገረው” አሉኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ምክትል ርዕሰ መምህሩ፦ “ስም ተልኳል፤ አሁን ምን ልንባል ነው?” እኔ፦ “መምህሩ ተሳሳተ ይባል።” ቴሌ ሄጄ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠበቅኩ። መስመሩ ሦስቴ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ስሙን አስቀየርኩ። ተመስገን!

ከዚያ ክበቡን ሰበሰብኩ። አማረችን መሃል አቁሜ እንደገና ሮጥኩ። ሳቁ፤ ይሳቁ። ሰሌዳው ላይ “በምዕራብ” ብዬ ጻፍኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። አቀርቅራ ፈገግ አለች።

ዳዊት እጁን አወጣ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ።

“ቲቸር፣ እኔም በምዕራብ እንደሆነ አውቅ ነበር። አብረን ነው ያሰላነው።”

“ታዲያ ለምን ምሥራቅ አልክ?”

“የሚያርሙት እርስዎ ነዎት ብዬ።”

ማንም አልሳቀም።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

አማረች ጠዋት ሄደች። ዳዊት ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነላት። ታሸንፍ አታሸንፍ አላውቅም፤ ብቻ ሄዳለች፣ ቀለል ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ላወጣ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት አርሜያለሁ። ኤክስ ያደረግኩባቸውን ሳስብ ነበር፤ አሁን የሚያሳስቡኝ ራይት ያልኳቸው ናቸው። ስንቱ አውቆ ጻፈ፣ ስንቱ እኔን አይቶ ጻፈ?

እስካሁን አንድ ጥያቄ አልጻፍኩም።