ከመኪናው ሥር ያነጠፍሽው ካርቶን

ውድ ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ሳልጽፍልሽ የቆየሁት የምነግርሽ ነገር እስኪጣራ ስጠብቅ ነው። ታውቂኛለሽ፤ ያልጨረስኩትን ሥራ ለሰው አላሳይም። አሁን ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሰላም በየእሑዱ ከሳን ሆዜ ትመጣለች። ልጆቿ አማርኛውን ይሰማሉ፤ የሚመልሱልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ትንሿ ባለፈው አቅፋኝ ስታበቃ «ግራንድፓ፣ ዩ ስሜል ላይክ ጋራዥ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ። መኝታ ቤቱን ቀለም ቀብቻለሁ። በጓሮ ያለችው ሎሚ ዘንድሮ ብዙ አፈራች፤ ለጎረቤት አደልኩ። አላሜዳ ያለው የባሕር ኃይል ሰፈር ተዘግቷል። አንቺ ትሠሪበት የነበረው የአረጋውያን ቤት ግን እንዳለ ነው።

መኪናውም አለ። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

ከመታመምሽ በፊት በነበረው ዓመት መኪናው ደህና እንዳልሆነ ነገርሽኝ። ከሥራ ስትመለሺ፣ አላሜዳንና ኦክላንድን ከሚያገናኘው ከውኃ በታች ካለው ዋሻ ልትወጪ ስትቃረቢ አንዲት ዳገት አለች። «እዚያች ጋ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም» አልሽኝ። ጠዋት ጠዋትም ማርሹን ወደ ኋላ ስታስገቢው ወዲያው አይንቀሳቀስም፤ ትንሽ ይቆያል። «እንደ አንተ ነው፤ በደንብ ካላሰበ አይነሳም» ብለሽ ሳቅሽ።

እኔ አልሳቅሁም። ለካሁ።

በየቅዳሜው ቁርስ ሳልበላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጸጥ ባለበት፣ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ የዘይት መለኪያ ብረት መዝዤ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ አስገብቼ አወጣና አያለሁ። ከዚያ በሰማያዊው ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተነዳውን ርቀትና «ሙሉ» የሚለውን ቃል እጽፋለሁ። አገር ቤት በነበረን መኪና የሞተር ዘይት የምለካው እንዲህ ነበር። ያ መኪና ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነበር፤ አውቶማቲክ መኪና የያዝነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። አለካኩ ይለያይ ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም። ብረቱ ካለ፣ ምልክቱ ካለ፣ የተለየ ነገር የሚጠይቅ አልመሰለኝም።

ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ መሆን ነበረበት። አንቺ ላይ አገኘሁት። መንዳት የተማርሽው በሃምሳ ዓመትሽ ስለነበር እግርሽ ይከብዳል፣ ግራ እግርሽንም ፍሬን ላይ ታሳርፊያለሽ ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን እንኳ አጠገብሽ ተቀምጬ አላየሁሽም። እኔ የምነዳው ቅዳሜ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ እስከ ገበያ ድረስ ነበር። አራት ነጥብ ያለው ማሳሰቢያ ጽፌ ከመሪው አጠገብ ለጠፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ እስከ መጨረሻው አነበብሽውና «ቲቸር፣ ፈተናው መቼ ነው?» አልሽኝ።

ከዚያ ሁለት ወር እንደሆነ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ። «እንግዲህ ያንተው ይሁን፤ እኔ አውቶቡስ አለልኝ» አልሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በዝናቡም ወራት ጭምር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታ ትቆሚ ነበር። ሕመምሽ ከዚህ ጋር እንደማይገናኝ ሐኪሟ ነግራኛለች፤ እኔም አላገናኘውም። ነገር ግን ፌርማታው ላይ የቆምሽው እኔ በጻፍኩት ነገር ምክንያት ነው። ይህ የሕክምና ጥያቄ አይደለም።

ዳንኤልን ታስታውሺዋለሽ፤ ከጸሎት ቤታችሁ መዘምራን ረጅሙ፣ ኢስት ኦክላንድ የካምቢዮ ጋራዥ ያለው። ለቅሶ በተቀመጥን በሁለተኛው ቀን ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው መኪናው ስለተዘጋበት ዳንኤል ቁልፍ እየሰበሰበ መኪኖቹን ያንቀሳቅስ ነበር። የእኛንም አንቀሳቀሰው። ሲመለስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሄ መኪና ግን የካምቢዮ ዘይት የለውም። እንዳይነዱት» አለኝ።

«ሙሉ ነው» አልኩት።

ተነስቼ ደብተሩን አመጣሁ። በለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ገጽ እየገለጥኩ አሳየሁት። ሰላም ክንዴን ይዛ «አባዬ፣ ፕሊዝ፣ አሁን?» ትለኛለች። ዳንኤል እስኪበቃኝ ድረስ አየልኝና «ጽሑፍዎ በጣም ያምራል» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ «ሲለኩ ሞተሩ ተነስቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ነው ብሎ አለፈኝ።

አርባ ቀን እንዳለፈ መኪናውን አስጎትቼ ጋራዡ ሄድኩ። ሰላም «ዝም ብለህ ዶኔት አድርገው፤ አንተን ምን አደከመህ?» ብላኝ ነበር። ዳንኤልም እንዲሠራልኝ የሄድኩ መስሎት ቀጠሮ ሊሰጠኝ የራሱን ደብተር ገለጠ። መማር እንደምፈልግ ነገርኩት። «በስድሳ ስምንት ዓመትዎ ጋሼ? እኔ እንኳ ወገቤን አሞኛል፣ ልተወው እያሰብኩ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ እንድመጣ ፈቀደልኝ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ማወቅ ነበር፤ ከሁለታችን የተሳሳተው ማን ነው?

በመጀመሪያው ማክሰኞ በእኔ መንገድ እንድለካ አደረገኝ። ሙሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቅን። ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ አሳለፈውና ወደ ማቆሚያው መለሰው። ሞተሩን ሳያጠፋ «አሁን ያውጡት» አለኝ። ከብረቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቻ ነበረች። ለካስ ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ ያለው ዘይት ወደ ታችኛው ሳህን ይወርዳል፤ እዚያ ሲጠራቀም የጎደለው ሙሉ መስሎ ይታያል። የዚህ መኪና ትክክለኛ ልክ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ እየተዘዋወረ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ። ምን ሁኔታ ላይ እንደተለካ ያልተጻፈበት ቁጥር ዋጋ የለውም እያልኩ የስንቱን ተማሪ ወረቀት መልሻለሁ። በሰማያዊው ደብተር አንድም ገጽ ላይ ሁኔታው አልተጻፈም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ዳንኤል ውኃ አመጣልኝና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አላረዝምብሽም። የሥራው ቅደም ተከተል ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ልኩን፣ ቀጥሎ ቀለሙንና ሽታውን ታያለሽ፤ ቀጥሎ ነድተሽ ታዳምጫለሽ፤ ከዚያ የግፊት መለኪያ ታስገቢያለሽ። መፍታት የመጨረሻው ነው። ችኩል ባለሙያ ከመጨረሻው ይጀምራል ይላል ዳንኤል። ሁልጊዜም መጀመሪያ ደንበኛውን ይጠይቃል፤ የት ላይ፣ ስንት ሰዓት ነድተው፣ ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? የሚመልሱለትን እየሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። «ማሽኑ የኔ ነው፣ ሕመሙን የሚያውቀው ግን የሚነዳው ሰው ነው» አለኝ። አንቺ ዋሻውን፣ ዳገቷን፣ የጠዋቱን መዘግየት ለይተሽ ነግረሽኝ ነበር። አንዱንም ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት ዘይት የሚያፈስ መኪና መጣ። ከየት እንደሚያፈስ አይታወቅም። ዳንኤል የሠራው ነገር ቢኖር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ከሥሩ ማንጠፍ ነው። «ነገ ጠዋት ራሱ ይነግረናል። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ ከሞተሩ ጋር አይምታታም» አለ።

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ። ቁልፉን ከማስቀመጥሽ በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናችን ሥር የቲማቲም ካርቶን ተዘርግቶ አግኝቼ ነበር። መሐሉ ላይ እጄን የሚያክል ቀይ እድፍ ነበረበት። የቲማቲሙ መሰለኝ። ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ትጥያለሽ ብዬ ተቆጣሁ፤ አጣጥፌ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ዘይት ለካሁና «ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንቺ በመስኮት ታዪኝ ነበር። ማን እንዳስተማረሽ አላውቅም፤ ምናልባት ማንም። የሚያፈስ ነገር ካለ ከሥሩ ነገር ማንጠፍ ነው፤ በቃ።

የእኛን መኪና ካምቢዮ አወረድነው። በዘይት እጥረት የተንሸራተቱት ፍሪሲዮኖች፣ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉት ዝርግ ቀለበቶች፣ ተቃጥለው ጠቁረዋል፤ ጥፍሬን ሳሳርፍባቸው እንደ ከሰል ተፈረፈሩ። ዘይቱ ያመለጠው ከኋላ፣ ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ካለው የደረቀ የጎማ ቀለበት ነው። እግርሽ ምንም አላደረገም። ዘይት የሚተላለፍባቸው ጠባብ መንገዶች ያሉት ክፍል ውስጥ ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉ፤ አንዷ ቦታዋን ከሳተች ሁሉም ነገር ይበላሻል። የእያንዳንዷን ቦታ በወረቀት ላይ ሣልኩ። ዳንኤል «ጋሼ፣ እኛ በጭንቅላታችን ነው የምንይዘው» ብሎ ቀለደብኝ። ስንገጥመው አንዷ ኳስ ተርፋ መዳፉ ላይ ቀረች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ያቺን ወረቀት» አለኝ። አሁን ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

ባለፈው እሑድ ሰላም እንድትነዳ ጠየቅኋት። እኔ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንቺ ስትነጂ ልቀመጥበት ይገባኝ በነበረው ቦታ። አላሜዳ ሄደን አንቺ ትወጪ በነበረበት ሰዓት ተመለስን። ዋሻው ውስጥ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ። ዳገቷ ላይ ሞተሩ አልጮኸም፤ መኪናው ዝም ብሎ ወጣ። ሰላም ዘወር ብላ አየችኝ። «ዛትስ ኢት? ይሄንን ለመስማት ነው ዓመት ሙሉ የለፋኸው?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ ያሳሰብኩሽን አራቱን ነጥቦች፣ አውቶቡሱን፣ ካርቶኑን ነገርኳት። ቤት ደረስን። ስንወርድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን ገጠመቻቸው።

ተማሪዎቼ ስሕተታቸውን እንዲፍቁ አልፈቅድም ነበር። በቀይ አንድ መስመር ይሰረዝበታል፣ ትክክለኛው ከሥሩ ይጻፋል፤ የተሳሳተው ግን ይነበባል። ይህንን ቤት ውስጥም ሳበዛው አንቺ «የዚህ ቤት ቀይ እስክሪብቶ ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚጽፈው» ትዪኝ ነበር። ትናንት ሰማያዊውን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አረምኩት። እያንዳንዱን «ሙሉ» ሰርዤ ከሥሩ «በትክክል አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ። ካርቶኑን የጣልኩበት ቅዳሜ ላይ «ጥሩወርቅ ልክ ነበረች» ብዬ ጨመርኩ።

ይቅርታ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ቃል አትወጂም፤ ሥራ ነው የምታዪው። ስለዚህ የማደርገውን ልንገርሽ። ዓርብ ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መለኪያውን ከመንካቴ በፊት ጎንበስ ብዬ እሱን አያለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። ማንጠፉን ግን አልተውም።

ባለቤትሽ