የመክሊት ጾም

እሑድ፣ ኅዳር 24 ቀን 1999 (3.12.2006)። ከቀትር በኋላ።

ወጥ ቤቱ ዛሬም ሰም ሰም ይሸታል። መክሊት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ በካውያ ሰም ታቀልጥበታለች። በኔ ካውያ! ጠዋት በሱ ነጠላዬን ተኩሼ ቤ/ክ ሄድኩ፤ ትከሻዬ ላይ ሰማያዊ የሰም ነጠብጣብ። የሴቶቹ ዓይን እዚያው ተተክሎ ዋለ። ስንመለስ ልቆጣት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። አባ በሰው ፊት አመስግነዋታል። እዚህ ጀርመን አገር ተወልዳ፣ ማንም ሳይጎተጉታት፣ ጾመ ነቢያትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ይዛለች። የሌሎቹ ልጆች ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ በርገር ቤት። የኔ ልጅ ውሃዋን ይዛ ቁጭ።

ማስታወሻዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ኮራሁ።

ስለ ውድድሩ እስካሁን አልነገርኩሽም። ላንግላውፍ ይሉታል፤ በቀጭን ስኪ ሜዳውንም ዳገቱንም በበረዶ ላይ መሮጥ። የማን ሐሳብ እንደሆነ እንጃ። የዓለም ትልልቆቹ ሯጮች ዘንድሮ አዲስ ነገር ሊጀምሩ ነው፦ በየቀኑ አንድ ዙር፣ ሰዓቱ እየተደመረ፣ በመጨረሻው ቀን ተራራ መውጣት። የወጣት ክለቦቹም እኛስ ከማን እናንሳለን ብለው ባለ አራት ቀን አዘጋጁ። የመጀመሪያው ነው፣ ከዚህ በፊት አልነበረም። ከኛ ክለብ የተመረጡት ሦስት ልጆች ናቸው፤ አንዷ የኔዋ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ! የሚጀምረው ታኅሣሥ 26፣ የሚያልቀው በገና ዕለት። በገና! ለዚህም ልቆጣ አስቤ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27 (6.12)።

በረዶ የለም። ጣውኑስ ተራራ ላይ እንኳ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ኒዳ ወንዝ ዳር በባለጎማ ስኪ ይለማመዳሉ፤ ውሻ የሚያንሸራሽሩት ሁሉ ይቆጧቸዋል። አሰልጣኟ ኡልሪከ መክሊትን በመኪና አደረሰቻት። ውድድሩ በበረዶ እጦት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሽቫርትስቫልድ ተራሮች መዛወሩን ነገረችኝ። የመጨረሻው ቀን ዳገት ቀጥ ያለ ነው፣ እዚያ ላይ የሚቀናው ቅልል ላለ ሰው ነው። መክሊት ደግሞ ዘንድሮ ቅልል ብላለች፣ ጎበዝ አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ዳንከ፣ አመሰግናለሁ አልኩ።

መክሊት ይበርዳታል። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ሥሩ ትቀመጣለች። እኔ በስስ ቀሚስ ላብ በላብ። ስፖርተኛ ሰው እንዲህ ይበርደዋል እንዴ? ጠየቅኳት። መጽሐፏን ይዛ ይበልጥ ወደ ማሞቂያው ተጠጋች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 (12.12)።

መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ የመክሊትን ሞዴስ አገኘሁ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የገዛሁላት ነው። እሽጉ አልተከፈተም። እንቁጣጣሽ የት፣ ዛሬ የት!

አርግዛለች።

ጻፍኩት። ያ ሉካስ የሚባለው ነው፣ አብሯት የሚለማመደው፣ ሁልጊዜ እስከ በራችን የሚሸኛት። ጃኬቷን የማታወልቀው ለካ ለዚህ ነው። ዝምታዋም ለዚህ ነው። ሁሉም ገጠመልኝ። አባቷ ጥሎን ሲሄድ ብቻዬን አሳድጋታለሁ ብዬ የፎከርኩ ሴት። አሁን ለሱ ምን እላለሁ? ለአባ ምን እላለሁ? እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ? እራት ላይ ፊቷን ሳየው እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርት ነው አልኩ። ሽንኩርት የት ነበረ!

ዛሬ በዓታ ናት። ተሳልኩ። እመቤቴ ይህን ብቻ አሳልፊልኝ፤ እስከ ገና ድረስ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም። ሥራዬ ላይ እንዴት እንደምችለው አላውቅም። አልተንሃይም፣ አዛውንት መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አረጋውያን አንስቶ ማጠብ በባዶ ሆድ አይገፋም። ብወድቅም ልውደቅ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6 (15.12)።

አላረገዘችም! አላረገዘችም!

የእርግዝና መመርመሪያ ከአፖቴከ፣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፣ አየችኝ፣ ሳቀች። ከዚያ ተናደደች፤ በጀርመንኛ ብዙ ተናገረች። ሉካስ ሌላ ፍቅረኛ አለችው፣ አንቺን ደግሞ ነካ አድርጎሻል አለችኝ። ይሁን እሺ። ዝም ላሰኝሽ ብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ወጣች። ምንም የለም። ዘልዬ አቀፍኳት። በጃኬቱ ሥር አጥንት ብቻ ነበር የጨበጥኩት። በደስታዬ መሃል ልብ አላልኩትም፤ አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዲያ የወር አበባሽስ? ብዬ ጠየቅኩ። ልምምድ የሚያበዛ ሰው ላይ ይቀራል፣ ኡልሪከም በወጣትነቷ እንደዚያው ነበረች አለችኝ። አመንኳት። ማመን ፈልጌ ነበርና አመንኳት።

ስለቴንም ነገርኳት። እሷም ከኔ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ብቻዬን እንዳልሆን። አለቀስኩ። ምን ዓይነት ልጅ ሰጠኝ!

እሑድ፣ ታኅሣሥ 15 (24.12)። የፈረንጅ ገና ዋዜማ።

ቀኑ ተበላሸ። አደይ ለተብርሃን ወረዱ፤ ከላያችን ፎቅ የሚኖሩት ኤርትራዊት፣ በወጣትነታቸው አሥመራ አዋላጅ ነበሩ። ምስር ይዘውልን መጡ። መክሊት ሰላም ብላቸው ክፍሏ ገባች። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጓለይ፣ ልጅሽ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ታርፋለች። እጇንም አየሁት። ጸጉር አብቅሏል። አራስ ልጅ ይዞት የሚወለደው ዓይነት፣ ለስላሳ ጸጉር። ይህ ደህና ነገር አይደለም።»

ልምምድ ላይ ናት፣ ጾምም ይዛለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚጾም ሰው የሚፈታበትን ቀን ይጠባበቃል። እስቲ ለገና ምን አማረሽ ብለሽ ጠይቂያት።»

ደሜ ፈላ። አባ ያመሰገኗትን ልጅ! ልጅ ወልደው ስላላሳደጉ እርስዎ አይገባዎትም አልኳቸው። አልኩ። ለሰባ ዓመት ሴት። ከዘራቸውን አነሱ፣ ምስሩን ትተውልኝ ወጡ። ምን ነካኝ?

ከዚያ ጠየቅኳት፣ እሳቸውን ላሳፍር ብዬ። ለገና ምን ላዘጋጅልሽ? ምንም፣ ውድድር አለብኝ። እሺ፣ በማግስቱስ? ምንም። ጾሙን መቀጠል ነው የምትፈልገው። ዶሮ አስጠልቷታል፣ ወተት አስጠልቷታል፣ እንቁላል አስጠልቷታል። እስከ መቼ? ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 18 (27.12)።

ዘጠኝ ሰዓት። ሽሮ፣ ጎመን፣ ትኩስ እንጀራ። ሌላ ጊዜ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፣ እያጠናሁ ልብላ ብላ። ዛሬ አይሆንም፣ አብረን ነው የምንበላው አልኳት። ቆረሰች። የቆረሰችውን ቆራረሰች። ወዲያ ገፋችው፣ ወዲህ ሳበችው፣ ሶፍት ውስጥ ጠቀለለችው። እኔ እኮ ሥራዬ ይኼ ነው! አልተንሃይም ውስጥ ዳቦ በሶፍት የሚደብቁትን ከበሩ ላይ ሆኜ የማውቅ እኔ ነኝ። ፍራው እንትና ዛሬ አልበላችም ብዬ ሪፖርት የማደርግ እኔ ነኝ። የሰው እናት ስጠብቅ የገዛ ልጄን አላየሁም።

ጠቅልዬ አጎረስኳት። አፏን ገጠመች። በማርያም አልኳት፤ ጥርሷን ነከሰች። ተነስቼ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ሥር፣ የስኪ ጫማዋ ከረጢት ውስጥ፣ የደረቀ እንጀራ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የሰሞኑ ምግብ ሁሉ። ጮህኩ። እሷም ጮኸች። ጀርመንኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ይህችን ግን በአማርኛ አለችኝ፦

«ጎበዝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

አዎ። እኔ ነኝ። ቤ/ክ ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ለሰማ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለቴን ይዤ መጥቼ፣ የምትደበቅበትን እኔው አሰፋሁላት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20 (29.12)።

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ መዘነቻት። ጀርባዋን ገልጣ አየች። እኔም አየሁ። ሸሚዟ ሲነሳ ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ አልጨፈንኩም። ልቧን ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ምቱ ቀርፋፋ ነው፣ ከሚገባው በታች። ራስን ማስራብ ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ሰው ይሞትበታል። ሐኪሟ እንዲህ ብላ በቀስታ ነገረችኝ፣ ጀርመንኛው እንዳያመልጠኝ። አላመለጠኝም። ለገና ማግስት፣ ለሰኞ፣ የሆስፒታል ቴርሚን፣ ቀጠሮ ያዘችልን። እስከዚያ ሩጫ የለም።

ስንወጣ መክሊት መንገድ ላይ እግሬ ሥር ወደቀች። ሰው እያየ። አራት ቀን ብቻ፣ ማማ። ከዚያ ሆስፒታል እገባለሁ፣ ያልሽኝን እበላለሁ። በማርያም ማለች። ስትለምነኝ እንደ ሕፃንነቷ ነው፣ ቀሚሴን ይዛ።

ለኡልሪከ ደውዬ ነገርኳት። ደነገጠች። ትንሽ አለቀሰችም መሰለኝ። ልጅቷ ግን ለዚህ ቀን ዓመቱን ሙሉ ደክማለች፣ ምናልባት የመጀመሪያውን ዙር ብቻ፣ ውሳኔው የእናት ነው አለችኝ። ለአባ ደወልኩ። የታመመ ሰው አይጾምም፣ ፈትቻታለሁ፣ ዛሬውኑ ትብላ አሉ። ነገርኳት። አባን አይመለከታቸውም አለች።

እሺ፣ እንሄዳለን፣ እዚያ እናያለን አልኳት። ምን ሆኜ አልኩ? ፊቷ በራ። ፊቷ ሲበራ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ደካማ ነኝ። ልጄን ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ። ልጄን የምፈራ እናት ሆኛለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 25 (3.1.2007)። ሽቫርትስቫልድ።

ከመውጣታችን በፊት አደይ ለተብርሃን ዘንድ ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ዘጉት። ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም አሉኝ።

በረዶው አንድ ቀጭን መስመር ነው፣ ከላይ ከተራራው በመኪና ያመጡት። ግራና ቀኙ ጭቃ። ሆኖም ባንዲራ ሰቅለዋል፣ ሙዚቃ አለ፣ ከንቲባው ንግግር አደረጉ፤ ይህ ውድድር ዛሬ ተወለደ፣ ወደፊት የልጅ ልጆቻችሁ ይሮጡበታል አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መክሊትም አጨበጨበች። እጆቿ በጓንት ውስጥ ጠፍተዋል። የደረት ቁጥሯን ተቀብላ አንቺ ያዥልኝ ብላ ሰጠችኝ፣ እንዳይጠፋባት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ያረፍንበት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል የምታይ መሰለች። ሥዕል አልነበረም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 26 (4.1)። ጠ. 2 ሰዓት ገደማ።

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ኡልሪከ ውጭ ትጠብቀኛለች።

ቀድሜያት ቁርስ ቤት ወረድኩ። የቤቱን ባለቤት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ለመንኩ። ጾሙ አልተፈታም። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። አንዱን ልጬ በላሁ። በሻይ አወረድኩት። በጾም ቀን፣ በስለቴ ላይ፣ እንቁላል በላሁ። እመቤቴ ትፍረድ፤ እሷም እናት ናት።

መክሊት ገብታ ቅርፊቱን አየች። አፌን አየች። እኔ ጾም ስገድፍ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ከፊቴ ተቀመጠች። ያንቺ ነው አልኳት፣ ሁለተኛውን ገፋ አድርጌ። ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አንከባለለችው። ከዚያ ላጠችው። ያለ ጨው፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ እስከ መጨረሻው በላችው። ስንት ቀን የለመንኩት! እንባዬ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ አለ።

ጣቷን ጠረገችና እጇን ዘረጋችልኝ። ቁጥሬን ስጪኝ።

ለካ ዋጋው ነው። ለኔ ብላ አልበላችም፣ ለሆዷም ብላ አልበላችም። ከፈለችኝ። ልሰጣት ነበር ማስታወሻዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። የእጇን አንጓ አየሁት። ሁለት ጣቴ ይዞረዋል።

አትሮጪም አልኳት። ዛሬም፣ ነገም፣ በገናም። ቤታችን እንሄዳለን።

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ወንበሩ ወደቀ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። እድሜ ልኬን እጠላሻለሁ አለችኝ፣ በጀርመንኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። እናት አይደለሽም አለችኝ። አሁን ፎቅ ላይ ዕቃዋን ስትወረውር ይሰማኛል፤ ሲደክማት ዝም ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ውጭ ድምፅ ማጉያው የሯጮቹን ስም ይጠራል። የሷም ይጠራ ይሆናል።

ቁጥሩን ለኡልሪከ ልመልስ ነው። ከዚያ ባቡር፣ ከባቡሩም ቤት ሳንገባ ወደ ሆስፒታሉ፤ እስከ ሰኞ አልጠብቅም፣ በራቸው ላይ እቀመጣለሁ።

ትጥላኝ። ኖራ ትጥላኝ።