ከአጥሩ አስር እርምጃ

ውድ ፍሬው፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ በሕይወት እያለህም ይህን ጥያቄ አትወደውም ነበር። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ሮዝዌል ያለው የአረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ እየመጣሁ ስቀመጥ የነበረው አንተ ጋ አይደለም።

የቀብርህ ቀን ሴቶቹ አፈር ስትለብስ እንዳላይ ብለው ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ወንዶቹ አሜሪካኖቹን የመቃብር ሠራተኞች አስቁመው፣ እንደ አገራችን አካፋ እየተቀባበሉ አፈሩን ራሳቸው መለሱ። በወሩ ስመጣ ስምህ ያለባት ትንሽ ፕላስቲክ የለችም፤ የሳር ማጨጃው በልቷታል። ለረጅሙ አምባቸው ደወልኩ። "ከአጥሩ አስር እርምጃ ነው፤ እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ" አለኝ። አስር ቆጥሬ ተቀመጥኩ።

አሁን ሐውልትህ ሊተከል ሲል የመቃብሩ ኃላፊ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። የእነሱም ካርታ ያንን ጥግ በደንብ አያሳይም። እርግጠኛ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

የአያንቱን ልጅ ሚካኤላን ታስታውሳታለህ፣ ቸርች ውስጥ ጫማዋን እያወለቀች የምትሮጠዋን? ዛሬ ሥራዋ ሳይቆፍሩ ከመሬት በታች ያለውን ማየት ነው፤ መንገድ ሊሠራ ሲል ቱቦና ገመድ ትፈልጋለች። ቅዳሜ የሕፃን ጋሪ የመሰለ ራዳር ይዛ መጣች። እንደ አራሽ እየተመላለሰች ሞገድ ወደ ታች ትልካለች፤ ተመልሶ የሚመጣውን ስክሪኑ ላይ ታነባለች።

"መልኩን ያሳያል?" አልኳት። የጅል ጥያቄ ነው፤ ግን ጠየቅኩ።

"ኖ፣ ዘውዲዬ። ይሄ ቀይ ሸክላ አፈር ሲግናሉን ይውጠዋል። ግን አንዴ የተቆፈረ አፈር እንደ ድሮው ተደራርቦ አይተኛም። እሱን ነው የማየው።"

እኔ የምቀመጥበት ላይ፣ ስክሪኑ የሚያሳያቸው የአፈሩ መስመሮች ሳይነኩ ተጋድመዋል። "እዚህ ማንም ቆፍሮ አያውቅም" አለች። አንድ ሜትር ተኩል ያህል አልፋ ቆመች፤ እዚያ መስመሩ ተሰብሯል። "እዚህ ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ለካ አምባቸው የቆጠረው በራሱ ቅልጥም ነው። ብትኖር "ዘውዴ፣ እጥረትሽ መቃብር ድረስ ተከተለሽ" ትለኝ ነበር። ሳቅኩ። ሚካኤላ ጋሪዋን ልትጭን ስትሄድ ደግሞ አለቀስኩ።

ምክንያቱም ባዶ መሬት ላይ ያፈሰስኩት ንስሐ አለ። እንደገና ልንገርህ። የመጨረሻው ቀን "ዛሬ አትሂጂ" ስትለኝ "የሚተካኝ ሰው የለም" ያልኩህ ውሸቴን ነው። የሥራ ጓደኛዬ ሐምራዊት ሺፍቴን ልትሸፍንልኝ እሺ ብላኝ ነበር። ደክሞኝ ነው፣ ፍሬው። ያንተን ማቃሰት የማልሰማበት ስምንት ሰዓት ፈልጌ ነው። ስመለስ አልጠበቅከኝም። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ቲቪውን የምከፍተው የሰው ድምፅ እንዲኖር ብቻ ነው።

ሐውልትህ ሐሙስ በቦታው ይተከላል። ያቺ ያልተቆፈረች ቦታ የማን እንደሆነች ኃላፊውን ጠየቅኩት። "የማንም አይደለችም" አለኝ። በስሜ አስመዘገብኳት። ሁለት ዓመት ተቀምጬ ያሞቅኳትን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

እሁድ እመጣለሁ። በእኔ እግር አስራ ሁለት እርምጃ ተኩል ነው።

ያንተው አጭር፣
ዘውድነሽ