አክስቴን አንደኛ ፎቅ ላይ ስለ መግደሌ

ለአክስቴ፣

ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳውን ተደገፊ። ጎረቤታችን እያነበበችልሽ ከሆነ እሷም ትቀመጥ፤ መርዶ ነው የምነግርሽ። ልቤን አጠንክሬ፣ እስክሪብቶዬን አጥብቄ ይዤ የማስታውቅሽ ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞተሻል። የሞትሽው እኛ በምንሠራው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ገዳይሽም እኔ ነኝ።

አፈሩን ያቅልልሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? ያቺ የምታስቸግርሽ ጥርስ ተነቀለች ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አሁንም አልወጣም ብላ ታንገላታሻለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለትም እንደምታውቂኝ ነኝ። ጋሼም ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ደህንነት ወደ ታች ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታስነብቢ። ለጊዜው ባልሽ ይበላሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ እኔንም ይቆጡኛል። ይህ ይበቃሻል።

አሟሟትሽን ከመተረኬ በፊት ግን አንድ ነገር ላስረዳሽ። አንቺ ሕንፃ የሚሠራው ባልሽ ብቻ ይመስልሻል። ሰፈሩን ሁሉ እንዲህ ብለሽ እንዳሳመንሽውም ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃው ባለቤት ይመኛል። ምኞቱን ንድፍ አውጪው ወረቀት ላይ ይስለዋል፤ ይህን ሰውዬ አይተነው አናውቅም፤ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው ደረጃው ቦታ በቀየረ ቁጥር ነው። መሐንዲሷ ትከለክላለች። ጠዋት ነጭ ቆቧን ደፍታ ትመጣና «ይህ አይሆንም፣ ያ ይፈታ» ትላለች፤ ሳትከለክለው የተረፈውን እኛ እንሠራለን። ካቦው፣ የሁላችን አለቃ ማለቴ ነው፣ ይጮኻል። ጢሙ አፉን ሙሉ ለሙሉ ስለሸፈነው ጩኸቱ በየት በኩል እንደሚወጣ እስካሁን አልደረስንበትም። ቧንቧ ሠራተኛው እኛ የደፈንነውን ይቦረቡራል፣ እኛም እሱ የቦረቦረውን እንደፍናለን፤ በዚህ እየተሰዳደብን በፍቅር እንኖራለን።

ባልሽ ደግሞ ዋና አናጢ ናቸው። አርማታ እንደ ገንፎ ሆኖ ስለሚመጣ እስኪደርቅ የሚተኛበት የእንጨት አልጋ ይፈልጋል። አልጋውን የሚያነጥፉለት ጋሼ ናቸው። ከሥሩ ቋሚ እንጨት እንደ ጫካ ይተክሉና በየእግሩ ሥር ሽብልቅ እየመቱ ያጠብቁታል። እኔ ላይ ነኝ። አርማታው ሲደፋ የሚንቀጠቀጥ የጎማ ቱቦ እየከተትኩበት ውስጡ የታፈነውን አየር አስወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ አብሬው ስንቀጠቀጥ ስለምውል፣ ውሃ ልጠጣ ስል ብርጭቆው ከጥርሴ ጋር ይጣላል።

እዚህ ሥራ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ ልብ ብለሽ ስሚው። አርማታ በሚደፋበት ቀን አንድ አናጢ ከወለሉ ሥር ቆሞ ቋሚዎቹን ይጠብቃል። በመዶሻው መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ደህና ከሆኑ ዝም ይላል። አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ከሥር ሆኖ ጣውላውን ደጋግሞ ይደበድባል፤ ያንን የሰማ ሁሉ ባለበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚደፋ እያንዳንዱ ጋሪ አርማታ ከታች ባለው ሰው ላይ የሚጫን ነው። ከሥር የሚቆሙት ሁልጊዜ ጋሼ ናቸው። ለሌላ ሰው አይሰጡም።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። እኔ ደግሞ በጫማዬ ተረከዝ ጣውላውን ልክ እንደ ጋሼ መዶሻ አድርጌ መደብደብ ቻልኩበት። ስደበድብ ጋሪ ገፊው አንድ እግሩን እንዳነሳ ይቀራል፤ ካቦው ወደ ጠርዙ ሮጦ አንገቱን ቁልቁል ያሰግጋል፤ እኔ ደመና እቆጥራለሁ። ሳቁ ሲፈነዳ የካቦው ስድብ ይከተላል። አንድ ቀን ጋሼ ራሳቸው መሰላሉን ወጥተው መጡና አዩኝ። አዩኝና ወረዱ። ከዚያ በኋላ ተረከዜ ለጥቂት ቀን አደብ ገዛ፤ ለጥቂት ቀን ብቻ፤ መቼም ታውቂኛለሽ።

ማክሰኞ እንግዲህ የአንደኛው ፎቅ ወለል የሚሞላበት ቀን ነበር። ባለቤቱ ታች ግቢው በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ማለቅ አለበት» እያለ ካቦውን ይወጥረዋል። ካቦው እኛን ይወጥረናል። እኛ የምንወጥረው ሰው ስለሌለ ጋሪውን እንገፋለን። መሐንዲሷ ወዲያ ዳር ላይ የመጣውን አርማታ ትመረምራለች። የወለሉን ግማሽ እንደሞላን ከሥር ተደበደበ።

ካቦው ዘወር እንኳ ሳይል «ያንን እግርህን በመጋዝ ነው የማስቆርጠው» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ ጋሪውም ቀጠለ። እኔም ከእነሱ ጋር ልስቅ አልኩና ወደ እግሬ ተመለከትኩ። ሁለቱም እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አርማታ ውስጥ ተቀብሯል። በዚያ እግር እንኳን ጣውላ ሊደበደብ ዝንብ አይባረርበትም።

እንደገና ተደበደበ።

«እኔ አይደለሁም፣ አቁሙ» ብዬ ጮህኩ። አንዱ «ዛሬ ደግሞ በአፉ ጀመረ» አለ። የጋሪ ገፊውን እጅ ለቀም ባደርግ «ተው ባክህ ወንድሜ፣ ይደርቅብኛል» ብሎ አስለቀቀኝ። አክስቴ፣ ቀልደኛ ሰው እውነት ይዞ ሲለምን ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁት፤ የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው። መዶሻው አሁንም ይመታል፤ ግን እየደከመ ነው። ከሥር ያሉት ማን እንደሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።

የማደርገው ሲጠፋኝ ተቀመጥኩ። የምሬን ነው። እግሬን ከአርማታው መንጭቄ፣ ቀጣዩ ጋሪ የሚደፋበት ብረት ላይ ሄጄ ዝርግት አልኩ። ጋሪ ገፊው መመለስ ስላቃተው ግማሹን ጭኔ ላይ ገለበጠው። ካቦው የሰደበኝን አልጽፍልሽም፤ የምታነብልሽ ሴትዮ ደብዳቤውን ጥላ ትሄዳለች። በአጭሩ ዘር ማንዘሬን አዳረሰው፤ ጭኔ ላይ የተደፋውንም አርማታ ከደመወዝህ ነው የምቆርጠው አለ።

መሐንዲሷ መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየችኝና ድምፅዋን ሳታነሳ «ቀልድ ነው?» አለችኝ።

እኔ በምን እንደምምል እዚያ ሁሉም ያውቃል። በካቦው ጢም እምላለሁ። በስሚንቶ እምላለሁ። በራሷ በመሐንዲሷ ቆብ፣ በቧንቧ ሠራተኛው ቁምጣ እምላለሁ። በአንቺ ግን ምዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ምሳ ጠፍቶ ሁሉም እኔ ላይ ሲያፈጥ፣ «በአክስትህ ማልና እናምንሃለን» ብለውኝ ነበር። አሻፈረኝ አልኩ። ሳልበላ እንደበላሁ ተቆጠረብኝ፤ ይቆጠርብኝ። ለአንድ ሳህን ምሳ አልገድልሽም።

መሐንዲሷን «አክስቴ ትሙት» አልኳት።

አሟሟትሽ ይህን ይመስላል። ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ። መሐንዲሷ እጇን ወደ ላይ ሰቀለች፤ የማደባለቂያው ጩኸት ጸጥ አለ፤ ጋሪዎቹ ባሉበት ቆሙ። እሷ ከሁሉም ቀድማ መሰላሉን ወረደች፤ ካቦው ተከተላት። እኔን ከብረቱ ላይ ነቅሎ ያነሳኝ ያው ጋሪ ገፊ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው ጠዋት ቧንቧውን ሲፈትሽ የለቀቀው ውሃ መሬቱን አላቁጦታል። የአንዱ ቋሚ እግር ሰመጠ፣ ሽብልቁም ተንሸራትቶ ወጣ። ጋሼ ትርፍ ቋሚ ጎትተው በቦታው አስገብተዋል፤ ግን ቋሚ ሲተከል አንድ ሰው ይይዛል፣ ሌላው ሽብልቅ ይመታል፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ነበሩ። ስለዚህ እንጨቱን በአንድ ትከሻቸው ገፍተው ይዘው፣ በቀረው እጃቸው ጣውላውን ይደበድባሉ። የሚወጡበት ክፍት ቦታ አጠገባቸው ነበር። መሐንዲሷ ለምን ጥለው አልወጡም ብላ ብትጠይቃቸው «ላይ ልጆች አሉ» አሉ።

አናጢዎቹ ተሯሩጠው ቋሚዎቹን አጠበቁ። ካቦው ጋሼን በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ጢሙ ርሶ ነበር፤ ላብ ነው ይላል፤ ላብ ይሁንለት። እኔም እስከ ወገቤ አርማታ እንደተለሰንኩ ሐኪም ቤት ድረስ ተከተልኳቸው። ነርሷ እንደዚያ ሆኜ ስታየኝ ከበሩ ልትመልሰኝ ፈልጋ «አንተ ደግሞ ምናቸው ነህ?» አለችኝ። የአክስቴ ባል ናቸው ልላት አፌን ስከፍት፣ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ልጄ ነው» አሏት። እኔ አፌ ላይ አንድ ቀልድ ነበረኝ። የት እንደገባ እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁትም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራን። የእኛን ስብሰባ ብታውቂው፤ ሁልጊዜ ጥፋት እንደ ትኩስ ድንች ነው፣ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይወረውረዋል። ያን ቀን ግን ተሻሙበት። ቧንቧ ሠራተኛው «ውሃው የእኔ ነው» አለ። ካቦው «መዶሻ ሰምቼ አላቆምኩም፤ ደንቡን የጣስኩት እኔ ነኝ» አለ። መሐንዲሷ «ከመሞላቱ በፊት ከሥር ገብቼ ሳላይ ነው የፈቀድኩት» አለች። እኔም ተረከዜን ይዤ ብድግ አልኩ። ካቦው «አንተ ቁጭ በል፣ መቀመጥ ላይ ጎበዝ ነህ» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ከደመወዜም ምንም አልተቆረጠም። እግዜር ይስጣቸው፤ ሁሉንም። ጋሪ ገፊው ጋሼን ለመጠየቅ ጠዋት ጠዋት ሐኪም ቤት ይመላለሳል፤ መሐንዲሷ ጋሼ እስኪድኑ ቦታቸው እንዲጠበቅ ከባለቤቱ ጋር ተጨቃጭቃ አስፈቅዳለች። እኔ የቀለድኩባቸው ሁሉ ይህን ያህል ደግ ሰዎች መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው አንቺን ነው። ያን ቀን እኔ ዘንድ የሚታመን ነገር ቢፈለግ ያንቺ ስም ብቻ ነበር የተገኘው። ይቅር በይኝ፤ ሁለተኛ አልገድልሽም።

ጋሼ በቅርብ ቀን ቤት ይገባሉ። አንድ እጃቸው አንገታቸው ላይ ታስሯል፤ የትከሻቸው አጥንት ተሰንጥቆ ነው፤ ይጋጠማል ብሏል ሐኪሙ። ከመሰላል ወደቅሁ ይሉሻል። ዝም ብለሽ እመኛቸው። «እርጅና መጣ» ብለሽ ትንሽ ብትቆጪያቸውም ደስ ይላቸዋል። ብቻ በዚያ ትከሻቸው በኩል አታስተኚያቸው።

መዶሻቸውን ለእኔ ሰጥተውኛል። ትናንት ሌላው የወለል ክፍል ሲሞላ ከሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ታች ጨለምለም ይላል፣ ይቀዘቅዛልም። ላይ የሚሄደው ኮቴ ሁሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህ የካቦው ነው፣ ይህ የጋሪ ገፊው ነው፣ ይህ አሁን በእኔ ፋንታ ቱቦውን የያዘው ልጅ የቆመበት ነው እያልኩ ስለይ ዋልኩ። ያ ልጅ ከራሴ በላይ መጥቶ በቆመ ቁጥር መዶሻውን ጠበቅ አደርጋለሁ። ቀልድ አላማረኝም።

በይ እንግዲህ ይኸው ነው። መርዶ ብዬ ስጀምር ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ጽፌ ሳየው ግን አንዲት ሽብልቅ ተንሸራታ ሥራ ትንሽ ስለቆመ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት ያበላሸሁት። ኢምንት ነገር ነው። ሰው አጋኖ ቢያወራልሽ አትስሚ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ማክሰኞ የሞትሽውንም አይቁጠርብሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ጥርስሽን በሰላም ይንቀልልሽ፣ ባልሽን በደህና ያግባልሽ።

ልጅሽ